መሬት ያልረጋላት ጣይባ

ጣይባ ሰው የሚወድቅበትን ምክንያት ሁሉ የምታውቅ ይመስላት ነበር። እንቅፋት አለ፣ ርሃብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ የባል ዱላ አለ። መሬት ራሷ ተነስታ ሰው እንደምትጥል ያወቀችው ግን ኮምቦልቻ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ሥራዋ ላይ ቆማ ሳለች ነው።

መጀመሪያ ግራ ጆሮዋ ደፈናት። ገላዋን ስትታጠብ ውሃ የገባባት መስሏት ባንድ እግሯ እየዘለለች ብታራግፈው የወጣ ነገር የለም። ቀጥሎ ጆሮዋ ውስጥ የማሽን ድምፅ ተቀመጠ። ከፈረቃ ስትወጣ ማሽኑን ጥላው ትወጣለች፤ ድምፁ ግን ተከትሏት ቤቷ ይገባል፣ አብሯት ይተኛል። ይኼም ይሁን ብላ ቻለችው። ክር ፋብሪካ የሠራ ሰው ጆሮው ደህና ሆኖ አያውቅም፤ ሴቶቹ ሁሉ ሲያወሩ እንደተጣላ ሰው ይጮሃሉ።

አንድ ቀን የተበጠሰ ክር ልትቀጥል ጎንበስ ስትል ወለሉ ከእግሯ ስር ተገለበጠ። ጣራው ወደ ግራ ሄደ፣ ሄደ፣ አልቆም አለ። እጇን ዘርግታ ያገኘችውን ያዘች፤ ያገኘችው ደግሞ የሚሽከረከረውን ማሽን ነበር። አጠገቧ የነበረችው ሴት በጸጉሯ ጎትታ ባታወጣት ኖሮ እጇ እዚያው ይቀር ነበር። ወለሉ ላይ ተዘርራ ያላትን ሁሉ አስመለሰች። የፈረቃው አለቃ መጥቶ ከላይዋ ቆመ።

«አረገዝሽ እንዴ?»

«አላረገዝኩም።»

«እንግዲያ ጠጥተሻል።»

«ወላሂ! ቀምሼ አላውቅም።»

«ያላረገዘች፣ ያልጠጣች ሴት ታዲያ ምን ያስመልሳታል?» አለና የቆሙትን አሳቃቸው።

ሕመሙ ተመላለሰ። አለቃው መሳቁን ተወና «ማሽን ሰው በላ ከምንባል እዚያው ቤትሽ ውደቂ» ብሎ አሰናበታት።

ባሏ ሀፊዝ ደረቅ ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። መጀመሪያ አዘነላት፤ ሼህ ዘንድ ወስዶ ቁርአን አስቀራባት፣ ጥቁር አዝሙድ በማር አበላት። ሕመሙ ሲመጣ መጥቶ፣ ሲሄድ ሄዶ፣ መሃል ላይ እሷ ደህና ሰው መስላ ልብስ ስታጥብ ሲያያት ግን ልቡ ሻከረ። «ሥራ ሲሆን ይይዝሻል፤ ሠርግ ሲሆን ይለቅሻል» ይላት ጀመር። ልጅ አልነበራቸውም። በፈታት ቀን እንኳ ይዟት ነበር። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ተኝታ ሳለች ነው ፈትቼሻለሁ ያላት። ከፊቷ ከሚዞሩት ሀፊዞች የትኛው እንደተናገራት እንኳ ለይታ አላየችም።

ጓዟን ይዛ ወደ ደሴ ወጣች፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቷ ቤት። እናቷን ሰፈሩ እማ ውዱ ይላታል። ወገቧ ከተያዘ ወዲህ ከመደቧ የማትወርድ፣ ምላሷ ግን ከማንም ቀድሞ ገበያ የሚደርስ አሮጊት ናት። ልጇ ተፈትታ ስትመጣ አየቻትና «አልሃምዱሊላህ፣ እኔ ጧሪ አገኘሁ ብል አላህ ተጧሪ ላከልኝ» አለች።

ጣይባ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ታየች። ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት አየ፤ አስተኝቶ ራሷን ወዲህ ወዲያ እያዞረ ዓይኗን ተመለከተ።

«ጆሮሽ ውስጥ፣ ከጥልቁ፣ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ» አላት። «እዚያ ያለው ፈሳሽ ሲበዛ፣ ቆመሽ ሳለ የምትዞሪ ይመስልሻል። አይገድልሽም።»

«ይድናል?»

«ይመጣል፣ ይሄዳል። ጨው ቀንሺ። ሲይዝሽ የምትውጪው ኪኒን አዝዝልሻለሁ፤ ያደነዝዝሻልና ውጠሽ አትንቀሳቀሺ።»

አይገድልሽም ያላትን እንደ ስጦታ ይዛ ወጣች። ደግ ወሬ እንዳልነበረ የገባት ቆይታ ነው። የሚገድል በሽታ ለያዘው ሰው ያዝንለታል፣ ብርቱካን ይዞለት ይሄዳል። የማይገድል በሽታ ለያዘው ማን ብርቱካን ያመጣል?

«ጆሮ?» አለች እናቷ፣ የሐኪሙን ቃል ስትነግራት። «ጆሮ ነው እንዲህ የሚያንከባልልሽ? አያቴ ሁለቱም ጆሮዋ ደንቁሮ ነው የሞተችው፤ አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።»

ጨው የሌለው ወጥ ሲቀርብላትማ ጭራሽ ባሰባት። «የታመምሽው አንቺ፣ አፈር የምቅመው እኔ!»

ጣይባ መኖርን እንደገና ተማረች። ስትተኛ በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው። ስትነሳ መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ቀጥላ መሬቱን በእግሯ ትፈትሻለች፣ ከዚያ ትቆማለች። ሰው ከኋላ ሲጠራት አትዞርም፤ ሙሉ ሰውነቷን እንደ ቁምሳጥን ታዞራለች። ቀና ብላ ጦሳን አታይም፤ ተራራው ተንዶ የሚመጣባት ይመስላታል። ሱጁድ መውረድ ስላቃታት ተቀምጣ መስገድ ያዘች፤ ሼሁ ይፈቀድልሻል አሏት፤ ሴቶቹ ግን «ገበያ በእግሯ፣ ለአላህ በቂጧ» ብለው አሟት። መንገድ ስትሄድ እጇ ከአጥር ወይ ከግድግዳ አይለይም። የደሴ መንገድ መቼም ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ አጥሩ ባለቀበት ቆማ ሰው እስኪያልፍ ትጠብቅና ሰው የጠበቀች መስላ ተከትላ ትሻገራለች። ልጆች «ጣይባ ግድግዳ» የሚል ስም አወጡላት። ትልልቆቹም ያንኑ ስም ያዙት።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ቅሬ ነበራት። ሌላው አገር እድር ይለዋል፤ ወሎ ግን ቅሬ ከእድርም ይከብዳል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ደጁ የሚቀመጥለት የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ ጠላትህም ቢሆን ቅሬህ ከሆነ ይቀብርሃል። እማ ውዱ ወገቧ ሳይያዝ በፊት ያልደረሰችበት ለቅሶ አልነበረም፤ አሁን በእሷ ፈንታ ለቅሶ የምትወጣው ጣይባ ነበረች። አሮጊቷ በዚህች ዓለም የቀራት ፍላጎት አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህች ደጇ፣ በዚህ ቅሬ፣ በሰው ትከሻ መውጣት። ለጣይባ ጠዋት ማታ የምትነግራትም ይህንኑ ነበር።

«ባልሽ ፈታሽ፣ ሥራሽ ተወሽ፤ ምንም አላልኩሽም» ትላታለች፤ ብዙ ብላት ሳለ። «ቅሬዬን ግን እንዳታስነጥቂኝ።»

የፈራችውን ያደረሰባት የቢልቂስ ልጅ ሞት ነው። ቢልቂስ የሴቶቹ ቅሬ አለቃ ናት፤ ድምፀ ወፍራም፣ ሥራ የምትደለድል፣ የቀረን የምትቀጣ። ልጇ ካሊድ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦበት ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጣይባ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዋ ደፍኗት ነበር፤ እንደሚመጣባት አውቃለች። እናቷ ግን «የቢልቂስ ልጅ ሞቶ ልትቀሪ ነው? ነገ እኔን ማን ሊያነሳኝ?» ብላ አስወጣቻት።

ጀናዛው ሊወጣ ሲል ሴቶቹ በበሩ ግራና ቀኝ ቆሙ። ጣይባ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። አንዷ ገፋ አድርጋት ቦታዋን ወሰደችና እጇ ባዶ ቀረ። ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ላ ኢላሃ ኢለላህ እያሉ ወጡ። ቃሬዛው ላይ የተደረበው ባለ መስመር ጨርቅ ከዓይኗ ስር እያለፈ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ መስመሩ መሬቱን ይዞት ሄደ። ቤቱ ዞረ። ጣይባ ያገኘችውን ያዘች።

የያዘችው ቃሬዛውን ነው።

ወንዶቹ ይጎትታሉ፣ እሷ አትለቅም፤ መልቀቅ ማለት ገደል መግባት መሰላት። ከፊት የያዘው አንዱ ተደናቀፈና ቃሬዛው ዘነበለ፤ የካሊድ ራስ በከፈኑ ውስጥ ሆኖ ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ። «ያዘው! ያዘው!» ተባለ። አንዱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀና ገፈተራት። ጣይባ በሩ ስር ወደቀች፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ የጀናዛ መንገድ ላይ፣ አስመለሰች።

ብዙዬ የምትባል ጎረቤታቸው አረቄ አውጪ ናት፤ ወደ ጣይባ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ቀና አለች። «የኔ አረቄ አይደለም» አለች። ለማዳን ይሁን ለመግደል ያለችው አይታወቅም። ሰው የሰማው ግን አረቄ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ከሳልስቱ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ዳኛው ሸህ ጀማሉዲን ናቸው። ጣይባ ተነስታ የሐኪሙን ቃል ተናገረች፤ ጆሮ፣ ሚዛን፣ ፈሳሽ።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ «ጆሮው የታመመ ሰው ጆሮውን ይይዛል። ቃሬዛ ይይዛል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ቢልቂስ አልሳቀችም። «ልጄን ሁለት ጊዜ ጣሉት» አለች። «አንዴ ባጃጁ፣ አንዴ እሷ። ቅሬው ይምረጥ፤ ወይ እኔ ወይ እሷ።»

ሽማግሌዎቹ ወዲህ ወዲያ ብለው ፈረዱ። ጣይባ እንዳገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክማ፣ በጉባኤ መሃል፣ ቢልቂስ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ። ቢልቂስ ካነሳቻት ትመለሳለች። እስከዚያ ግን እሷም እናቷም ከቅሬ ውጭ ናቸው።

«ሸህ ጀማል» አለች ጣይባ፣ «እርስዎ ይወቁልኝ፤ ጎንበስ ስል ነው የሚይዘኝ። ቆሜ ብጠይቃትስ? ተቀምጬስ?»

«ቆሞ ይቅርታ? እሱማ ክርክር ነው» አሉ።

ቤት ስትመለስ እናቷ ሁሉን ሰምታ ጠበቀቻት። ድንጋዩንም መርጣለች፤ የወፍጮውን መጅ። «ክብ ነው፣ አንገት ላይ ይቀመጣል። ነይ፣ ልምምድ አድርጊ።»

«እማ፣ ያዞረኛል።»

«ታዲያ ለይቅርታው ቀን እንዳያዞርሽ ዛሬ ዙሪና ጨርሺው!»

ጣይባ መጁን አንገቷ ላይ አደረገች። እናቷ መደቡ ላይ ሆና እንደ ሠርገኛ አዛዥ ታዝዛለች፤ «ዝቅ በይ። ከዚያም ዝቅ። በጉልበትሽ ሳይሆን በግንባርሽ። እኔን ሜዳ ላይ ልትጥይኝ ነው እንጂ እንዲህማ ሰው ይቅር አይልም።» ጣይባ ዓይኗን አንድ ነጥብ ላይ ተክላ ቀስ ብላ ወረደች። መሬቱ ትንሽ ነቅነቅ አለና ቆመ። ደገመች፤ ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ አለማመደቻት። አንድ ቀን አሮጊቷ ሳቀችና «አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ትቀብሪኛለሽ» አለቻት። ከእናቷ አፍ ይህን የመሰለ ቃል ሰምታ አታውቅም ነበርና ጣይባ ወጥታ አለቀሰች።

የይቅርታው ቀን ምንም ሳትበላ፣ ውሃም ሳትጠጣ ዋለች፤ የሚመለስ ነገር እንዳይኖር። ልቧ ግን አላርፍ ስላላት ኪኒኑን አንድ ዋጠች፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጨመረች። ሐኪሙ ውጠሽ አትንቀሳቀሺ ያላትን ረስታ አልነበረም፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ መዝና ነው።

ጉባኤው ፊት ስትደርስ ምላሷ ከብዷታል። አንድ አዛውንት ክንዷን ይዘው መሃል አደረሷት። መጁ አንገቷ ላይ ነው። ቢልቂስ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታለች፣ ሊሳም እንደተዘጋጀ።

«ተናገሪ» አሏት ሸህ ጀማሉዲን።

«እት... እትዬ ቢልቂስ» አለች ጣይባ፤ ቃሉ እንደ ሊጥ አፏ ውስጥ ተጣበቀ። «ባ... ባጠፋው...»

«ስሙት ምላሷን!» አለች አንዷ ከኋላ። «ዛሬም ጠጥታ ነው የመጣች!»

ጣይባ ወደ ድምፁ ዞር አለች። እንደ ቁምሳጥን መዞሩን ረስታ፣ በአንገቷ ብቻ። በቃ። ጉባኤው ተነቅሎ ተሽከረከረ፤ ሰዎቹ፣ ወንበሩ፣ የቢልቂስ እግር። እግሩ የት እንዳለ በግምት ያዘችና ራሷን ጣለች። መጁ ከአንገቷ ቀድሞ ወረደ።

የቢልቂስ ጩኸት ላይኛው ሰፈር ድረስ ተሰማ። መጁ አውራ ጣቷን ጨፍልቆት ነበር። ደም አፈሩ ላይ ፈሰሰ። ጣይባ ግንባሯን ደሙ ውስጥ ደፍታ «አውፍ በይኝ፣ አውፍ በይኝ» ትላለች፤ ማንም አልሰማትም። መጀመሪያ የሳቀችው ብዙዬ ናት። አፏን በነጠላዋ ብትሸፍንም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከእሷ ተጋብቶ አንዱም አንዱም ሳቀ፤ ሸህ ጀማሉዲን እንኳ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ። ቢልቂስ ሳቁን ስትሰማ ከጣቷ ይልቅ እሱ አመማት።

«እዚህ ቅሬ» አለች፣ «ይቺ ሴት ከምትቀበር እኔ በጅብ ልበላ።»

ተጨበጨበ። ጣይባን ከመሬት ያነሳት የለም፤ ሰው ተበትኖ፣ መሬቱ እስኪቆምላት ድረስ እዚያው ተኛች።

እናቷ መጁን ሳትይዝ ስትመለስ አየቻትና አልጠየቀችም። ስልክ አምጪ አለቻት። ኮምቦልቻ ለሚኖረው ልጇ፣ ለሙንዚር፣ ደወለች።

«ሙንዚር፣ ና ውሰደኝ።»

«ምን ሆንሽ እማ?»

«እስካሁን ምንም። ልሞት ነው፤ እዚህ ደግሞ ቀባሪ የለኝም። ያንተ ቅሬ ደህና ነው?»

ጣይባ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ትሰማለች። ስልኩ ሲዘጋ «እማ፣ እኔስ?» አለቻት።

«አንቺ ምን?»

«ያጠብኩሽ፣ ያነሳሁሽ፣ ያበላሁሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፣ ያ ነው የከፋው። «ልጅ ያጥባል፣ ልጅ ያበላል። የሚቀብር ግን ሰው ነው። አንቺ ሰው የለሽም።»

ሙንዚር በማግስቱ በኮንትራት መኪና መጣ። እናቱን አቅፎ አስገባት። ጣይባ ልሸኛት ብላ በሩ ድረስ ወጣች፤ መኪናው ሲነሳ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚይዛት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሄደዋል። እናቷ እጇን ታወዛውዝላት ይሁን አታወዛውዝላት አላየችም፤ ደጅ ቆማ ያየችውን ብዙዬን እንዳትጠይቅ ደግሞ መልሷን ፈራች።

እማ ውዱ ኮምቦልቻ በወረደች በወራት ውስጥ ሞተች። ሙንዚር ከሱብሂ በኋላ ደውሎ ነገራት፤ ከዙህር በፊት እንቀብራለን አላት። ጣይባ ሚኒባስ ያዘች። የሐረጎ ቁልቁለት ሲጠመዘዝ እሷም ተጠመዘዘች። ፌስታል ለመነች፤ ረዳቱ ወርውሮላት «ማዘር፣ መኪናዬን እንዳታበላሺ! የጠጣ በእግሩ ይሂድ እንጂ» አለ፤ ተሳፋሪው መስኮት ከፈተ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ተነስቶ ከኋላ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ጣይባ ያንን ባዶ ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ እናቷን ለማልቀስ ሞከረች። አልመጣላትም። ሁሉም ነገር ሲዞር እንባም የሚወርድበት አቅጣጫ ይጠፋዋል።

ሙንዚር ቤት ስትደርስ አጥበው፣ ከፍነው ጨርሰዋል። የማጠቡ መብት የሴት ልጅ ነበር። ቃሬዛው ግቢው ውስጥ ተነስቶ፣ በማታውቃቸው ወንዶች ትከሻ ላይ፣ ሊወጣ ነው። ሰው ብዛቱ! ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ባለ ሱቁ፤ ከመንገድ እስከ መንገድ ሞልቷል። አንዳቸውም እማ ውዱን በደህናዋ አይተዋት አያውቁም። ጣይባ እናቷ የፈለገችውን እንዳገኘች አየች። ከዚያ ቃሬዛው ከፊቷ አለፈና መሬቱ አብሮ አለፈ።

ሁለት እጇን ከኋላዋ ቆልፋ ያዘች። ምንም እንዳትይዝ። በቁሟ ተገንድሳ ወደቀች።

«ያ ረቢ! ልጇ ናት! ልጇ ናት!» ሴቶቹ ተሯሯጡ። ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ውሃ ረጩባት፣ ስታስመልስ አፏን በነጠላቸው ጠረጉላት። «አንጀቷ ተቆርጦ ነው» አለች አንዷ እያለቀሰች። «እንዲህ ነው እንጂ ልጅ! የኛዎቹ ስንሞት እንዲህ ይወድቁልን ይሆን?» ሌላዋ ጸጉሯን ዳበሰቻት። ጣይባ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ከታመመች ጀምሮ በወደቀችበት ቦታ ሰው አቅፏት አያውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ቅርብ ሐዘንተኛ አስቀመጧት፣ በእጃቸው አጎረሷት። ጨው የበዛበት ንፍሮ ነበር፤ በላችው።

በሦስተኛው ቀን የዚያ ቅሬ ዳኛ፣ ሚስባህ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሊሰናበቱ ተነሱ። ጣይባ ተጠጋቻቸው።

«አባባ፣ እኔም እዚሁ ወንድሜ ጋ ብገባ፣ እናንተ ቅሬ ትቀበሉኝ ይሆን?»

«ምን ከፍቶን! የእማ ውዱ ልጅ አይደለሽም? ደሴ የየትኛው ቅሬ ነበርሽ?»

ጣይባ ግድግዳውን ያዘች። መልሱን የሙንዚር ሚስት ሀናን ሰጠችላት፤ ዕቃ እያጠበች፣ ቀና ሳትል።

«ተባራ ነው፣ አባባ። ጀናዛ ጎትታ፣ የአለቃዋን እግር በድንጋይ ሰብራ። እማ ናት የነገረችኝ፣ ነፍሷን ይማርና። እዚህ ስትወድቅም ያያችሁት ሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ በሽታዋ ነው።»

 ጸጉሯን የዳበሰቻት ሴት እጇን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ቅሬ ከቅሬ አይጣላም። ሄደሽ ከነሱ ታረቂና ነይ። አውፍ ካሉሽ እኛ ምን አለን» አሉና ወጡ።

ሙንዚር መናኸሪያ ድረስ ሸኛት።  መኪናው ጋ ሲደርሱ «እታለም፣ አታስቢ» አላት። «እኔ አለሁ አይደል? የፈለገው ቢመጣ መጥቼ አወርድሻለሁ፤ እዚሁ፣ ከእማ ጎን ትሆኛለሽ።»

«አንተ ብትቀድመኝስ?»

ሙንዚር ኪሱን ዳበሰ። ታናሿ ይሁን እንጂ ሲሚንቶ ሲሸከም ወገቡ ጎብጦ ታላቋ መስሏል። ወደ ረዳቱ ዞሮ ሂሳቡን ከፈለና «ከፊት አስቀምጥልኝ» አለው። «ያዞራታል።»